በረባሶ ያኮራል ወይ?

ያኮራል

መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚቀበለው የመዶሻ ድምፅ ነው። ቆራሌው (ስሙ ራሱ «ቆርቆሮ ያለው!» ከሚለው ጥሪ ተቆርጦ የቀረ ነው) ከየሰፈሩ ለቅሞ ያመጣው ብረት እዚህ ይራገፋል። የዘይት በርሜል ተሰንጥቆ የከሰል ምድጃ ይሆናል፤ የተጣመመ ፌሮ ተቃንቶ እንደገና ይሸጣል።

ልጅ ሳለሁ አጎቴ አጠገብ ቁጭ ብዬ በረባሶ ሲቆርጥ አይ ነበር። የከባድ መኪና ጎማ በደረቅ ቢላ አይበገርም፤ ላስቲኩ ስለቱን ጨምድዶ ይይዘዋል። አጎቴ ግን ቢላውን ጣሳ ውስጥ ካለ ውሃ እየነከረ ሲስበው ጎማው ሸርተት እያለ ይከፈትለታል። ልክ የሚወስደው ደንበኛው እግሩን ጎማው ላይ ሲያሳርፍ ዙሪያውን በጠመኔ እየሳለ ነው። ያንን ጫማ ተጫምቶ ስንት ገበሬ፣ ስንት ወታደር አገር አቋርጧል!

ማጣት ማንንም አያኮራም፤ የምኮራው በዚያ እጅ ነው። እኛ ግን የቀጥቃጭን እጅ የምንንቅ ሰዎች ነን። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. «ባለ እጅን አትስደቡ» የሚል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ንቀታችን ሥር የሰደደ ስለነበር ነው። ዛሬም ከውጭ የመጣ የፕላስቲክ ጫማ በጥቂት ወር ተበጥሶ ሲጣል ማንም አያፍርም፤ ዓመታት የሚያገለግለውን በረባሶ ግን «የደሀ» እንለዋለን። ችግር ብልሃትን ይወልዳል እንላለን፤ ለተወለደው ብልሃት ግን ክርስትና የሚያነሳው ጠፍቷል።

አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜን ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ ዓለም ባለው ነገር የበቃ ሰው አየ። ያ ሰው የምናለሽ ተራው አጎቴ ዘመድ ነው።

አያኮራም

ወንድሜ አጎቱን ያየበት ዓይን ደስ ይላል። አበበን ግን ባያነሳው ይሻለው ነበር። አበበ በባዶ እግሩ የሮጠው ያገኘው ጫማ አልመች ስላለው ነው። የገባበት ሰዓት 2፡15፡16 ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ፣ ያውም የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ጫማ አድርጎ በ2፡12፡11 ገባ። ሦስት ደቂቃ! ታዲያ ፎቶውን ስንሰቅል ለምን ሁልጊዜ ባዶ እግሩን እንመርጣለን? የቶኪዮው አበበም እኮ የእኛው ነው።

ያደግሁት ምሥራቅ ጎጃም ነው። አያቴ ጫማ ሳታውቅ አረጀች። በቀዩ አፈር ላይ ዕድሜ ልኳን ስትመላለስ እግሯ አብጦ፣ ቆዳው እንደ ዋርካ ቅርፊት ሻክሮ፣ ሰርግ ቤት እንኳ ከሰው ተነጥላ ጓሮ ትቀመጥ ነበር። ሰፈሩ ዝሆኔ ይለዋል፤ እርግማን ነው የሚልም አለ። ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ከእሳተ ገሞራ ዐለት የተገኘው አፈር ደቃቅ ብናኝ በባዶ እግር ቆዳ እየሰረገ የሚያመጣው ነው። መከላከያው ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ነው። ያን ያህል ቀላል፣ ለእሷ ግን ያን ያህል ሩቅ። በረባሶ እሾህ ያግዳል፤ ግልጥ ስለሆነ አቧራው በጎኑ ይገባል። እግር የሚሸፍን ጫማ ነበር የሚያስፈልጋት።

ኩራዝም እንዲሁ ነው። ከመድኃኒት ብልቃጥና ከፈትል የተሠራ ብልሃት፤ ስምንተኛ ክፍልን ያለፍኩት በእሱ ነው። ጠዋት አፍንጫዬን ስጠርግ ጥላሸት ይወጣ ነበር። «በኩራዝ አጥንቶ ዶክተር ሆነ» ሲባል በሰማሁ ቁጥር፣ ጭሱ ዓይናቸውን አድክሞት ትምህርታቸውን የተዉ ሁለት የክፍል ጓደኞቼ ይመጡብኛል። የእነሱን ታሪክ የሚያወራ የለም።

ወንድሜ የላቀች ምድጃን ልብ ቢላት ደስ ይለኛል። ያው ቆርቆሮ፣ ያው መዶሻ። የኬንያውን የሸክላ ምድጃ አይተው፣ ለክተውና ፈትሸው ለእኛ ድስት ያስማሙት ባለሙያዎች ስለተጨመሩበት ግን ከቆርቆሮው ምድጃ ያነሰ ከሰል ትበላለች። ለአጎቱም ብድር፣ መለኪያና የዓይን መከላከያ መነጽር በደረሰላቸው።

ምላሽ

ያልጻፍኩት አንድ ነገር አለ። አጎቴ ሥራ ያቆመው የብረት ፍንጣሪ ግራ ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ነው። ስለ መነጽሩ እኅቴ ልክ ናት።

ላቀችን ግን ቆርቆሮውን አጥፎ ሸክላውን የከተተላት ማን ነው? ባለሙያው ንድፉን ይዞ ሲመጣ የተቀበለው ያው ቀጥቃጭ ነው። ሙያው የሚያሳፍረው ሰው ደግሞ ለልጁ አያወርሰውም። የአጎቴ አራት ልጆች አንዳቸውም መዶሻ አልያዙም። አባታችሁ ምን ይሠራ ነበር ሲባሉ «ነጋዴ ነበር» ነው የሚሉት።