አገኘሁ ማለት ብቻ አይበቃም

በየመሥሪያ ቤቱ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንደኛው አዲስ ጉዳይ ይዞ ሲገባ ሁሉ ብድግ ብሎ ይቀበለዋል፤ ሁለተኛው ያንኑ ጉዳይ መርምሮ፥ ለይቶ በየመዝገቡ ሲያገባ ግን ቀና ብሎ የሚያየው የለም። እኔ ከሁለተኛዎቹ ወገን ነኝና አድልዎ ቢገኝብኝ አንባቢ ይታገሠኝ። የዛሬው ሙግቴ ግን ስለ ወረቀት ሳይሆን ስለ ሰማይ ነው።

ሰሞኑን ስለ ሱፐርኖቫ፥ ይኸውም በሚሞቱበት ጊዜ ፈንድተው የአንድ ጋላክሲ ከዋክብት በሙሉ የሚሰጡትን ያህል ስለሚያበሩት ኮከቦች ስንጨዋወት፥ አንድ የተማረ ወዳጄ «ዋናው ማግኘቱ ነው፤ ይህ አንደኛ ዓይነት፥ ያ ሁለተኛ ዓይነት እያሉ መከፋፈል የጸሐፊ ሥራ ነው» አለ። «ጸሐፊ» ያለው ለማዋረድ ነው። ይህን ሰምቶ ዝም ማለት ከስሕተቱ መተባበር ስለሚሆን መልሴ እነሆ።

በ1885 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ) በአንድሮሜዳ ውስጥ አዲስ ኮከብ ታየ። አገኙት፤ ብርሃኑንም ለክተው ጻፉ። ዓይነቱን የሚያውቅ ግን አልነበረምና ከተራው ኖቫ ጋር ቈጠሩት። ከዚህ ምን ተከተለ? በ1920 ገደማ አንድሮሜዳ የእኛው ጋላክሲ ክፍል ናት ወይስ ራስዋን የቻለች ናት ተብሎ ክርክር በተነሣ ጊዜ፥ ሻፕሊ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ ያንን ኮከብ ምስክር አድርጎ ጠራው። አንድሮሜዳ እጅግ ሩቅ ብትሆን ኖሮ፥ ይህ ኖቫ ሊታመን የማይችል ብርሃን ነበረው ማለት ነውና ሩቅ አይደለችም አለ። ስሌቱ ስሕተት የለበትም፤ የተሳሳተው በመዝገቡ ላይ የተጻፈው ስም ነው። ዛሬ እንደምናውቀው አንድሮሜዳ ሁለት ሚሊዮን ተኩል የብርሃን ዓመት ያህል ትርቃለች። ባዴና ዝዊኪ በ1934 ሱፐርኖቫን ከኖቫ ለይተው ሲጽፉ ያ የተገኘ ኮከብ በሰው ስም ተመዝግቦ ብዙ ዓመት ተቀምጦ ነበር።

በ1941 ሚንኮቭስኪ የ14 ሱፐርኖቫዎችን ብርሃን በየቀለሙ ዘርዝሮ መረመረ። የሃይድሮጂን ምልክት የሌለባቸውን 9 አንደኛ ዓይነት፥ ያለባቸውን 5 ሁለተኛ ዓይነት ብሎ ጠራቸው። እርሱም ቢሆን አልጨረሰውም፤ ከአንደኛው ዓይነት መካከል የሲሊከን ምልክት ያለባቸው ለብቻ፥ ሂሊየም የሚታይባቸው ለብቻ፥ ሁለቱም የጎደለባቸው ለብቻ ሆነው ኋላ ተለዩ። ሲሊከን ያለባቸው ነጭ ድንክ የሚባለው ያረጀ ኮከብ ሲፈነዳ የሚታዩ ናቸው፤ የቀሩት እንደ ሁለተኛው ዓይነት የግዙፍ ኮከብ እምብርት ሲናድ የሚታዩ ናቸው። በ1998 ሁለት የሊቃውንት ቡድኖች የጠፈር መስፋት እየፈጠነ መሄዱን ያወቁት በነዚያ ሲሊከን ባለባቸው ርቀትን ለክተው ነው። ሌሎቹ ተደባልቀውባቸው ቢሆን ኖሮ የመለኪያው ዘንግ አንዴ ረዥም፥ አንዴ አጭር በሆነ ነበር። የ2011 የኖቤል ሽልማት ከዚህ ሥራ የመጣ ነው። እስቲ ወዳጄ ይንገረኝ፤ ጸሐፊዎቹ ባይኖሩ ይህ ሽልማት ከወዴት ይመጣ ነበር?

የሥነ ፈለክ ሰዎች ራሳቸው በስም አወጣጣቸው ፍርዱን ሰጥተዋል። አዲስ የታየ ብርሃን በመጀመሪያ «ኤቲ» የሚል ፊደል ብቻ ይሰጠዋል፤ «ኤስኤን»፥ ማለት ሱፐርኖቫ፥ ለመባል የሚበቃው ብርሃኑ ተዘርዝሮ ዓይነቱ ሲታወቅ ነው። በየዓመቱ ከአሥር ሺህ የሚበልጥ ብርሃን ይገኛል፤ አብዛኛው ግን ማንም ሳይመረምረው «ኤቲ» እንደ ሆነ ይጠፋል። አይመለስም! የእኛ መዝገብ ቤት ፋይል እንኳ አቧራ ለብሶ ይቈያል፤ የኮከብ ብርሃን ግን አይጠብቅም። በግንቦት 2023 ኢታጋኪ የተባለው ጃፓናዊ ኤም 101 በተባለው ጋላክሲ አንድ ሱፐርኖቫ አገኘ፤ በሰዓታት ውስጥ በሌላ ቴሌስኮፕ ተመርምሮ ሁለተኛ ዓይነት መሆኑ ታወቀ። ኮከቡ ከመሞቱ በፊት ከላዩ የጣለው ጋዝ ምልክት የተያዘው ስለዚህ ነው፤ ምልክቱ በጥቂት ቀናት ጠፍቷልና።

«ለዚህስ የሒሳብ መኪና አለ» የሚል ይኖራል። አልክድም፤ በ2024 1,500 ያህል ሱፐርኖቫዎች፥ የብዙዎቹ ብርሃን ሳይዘረዘር፥ በብርሃናቸው አወጣጥና አወራረድ ብቻ በኮምፒዩተር ተለይተው ለጠፈር መለኪያ ውለዋል። ነገር ግን ኮምፒዩተሩን ማን አስተማረው? አስቀድሞ የተመረመሩትና የተለዩት አይደሉምን?

በቺሊ ተራራ ላይ የተሠራው የሩቢን ቴሌስኮፕ በሰኔ 2025 የመጀመሪያ ሥዕሎቹን አሳይቷል። የመስተዋቱ ስፋት 8.4 ሜትር ነው፤ ከቀድሞው ሁሉ የበለጠ ያገኛል። ለዚህ ደስ ይለኛል። በካሊፎርኒያ ፓሎማር ግን ከ2018 ጀምሮ ሰማይን የሚያስሰው ቡድን እስከ 2024 ድረስ ከ10,000 የሚበልጡ ሱፐርኖቫዎችን ሊለይ የቻለው፥ ለመለየት ብቻ ብሎ አንድ ትሑት መሣሪያ በአሮጌ ቴሌስኮፕ ላይ ስለ ተከለ ነው። አዲስ ማግኛ የሚተክሉ ሁሉ ለመለያው ስንት ሌሊት እንደ መደቡ በዚያው ቀን ይንገሩን። ወዳጄም መልስ ካለው ይጻፍ፤ ገጹ ክፍት ነው።