ለጥምቀት የሚከፈት ሣጥን



«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ሲባል እየሰማን ያደግን በመሆናችን ጥር 11 ቀን በተቃረበ ቁጥር በየቤታችን ሣጥን ይከፈታል። ለክት የተቀመጠው ነጭ ልብስ ይወጣል፣ ይታጠባል፣ ይተኮሳል። በከተራ ዕለት ታቦታቱ ከየመንበራቸው ተነሥተው ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ሲወርዱ፣ እናቶች በእልልታ፣ ወጣቶች በሆታ፣ ሊቃውንት በዝማሬ ያጅቧቸዋል። በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው ይህ በዓል ለእኛ ግን ከመዝገብ በፊት በቤታችን የነበረ፣ በሣጥናችን ውስጥ የተጠበቀ በዓል ነው።

ከዚያው ሣጥን ሥር፣ ልብሱ ከተነሣ በኋላ የሚቀር ሌላ ነገር አለ። አንዱ ቤት በጎማ የታሰረ የቴፕ ካሴት ይገኛል፤ ሌላው ቤት ማጫወቻው ከተበላሸ ዓመታት ያለፉት የቪዲዮ ክር ተከማችቷል፤ በሦስተኛው ቤት ደግሞ በአንድ ወቅት ለልጆች በዓል ተገዝተው የነበሩ የፊልም ሲዲዎች፣ ገመዱ የተጠማዘዘ የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያ፣ ልጆቹ አድገው የተዉት ፕሌይስቴሽን አቧራ ለብሷል። ማንም አይፈልገውም፤ ማንም ግን አይጥለውም። የቤቱ እመቤት በየዓመቱ ታነሣዋለች፣ ትጠርገዋለች፣ መልሳ ታስቀምጠዋለች።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ የበዓል ገጻችን ልናነሣ የወደድነው የዚህን ዕቃ ነገር ነው። ጉዳዩ ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን መጥምቁ ዮሐንስ በዮርዳኖስ ዳር ሕዝቡ ምን እናድርግ ብሎ በጠየቀው ጊዜ መልሱ ሩቅና ረቂቅ አልነበረም። ትርፍ ልብስ ያለው ለሌለው እንዲያካፍል ነበር ያስተማረው። መልሱ በቀጥታ ወደ ሣጥን የሚመራ ነው። ስለዚህም በዓሉን ስናከብር ከሣጥናችን ምን ወጣ ብለን ብቻ ሳይሆን፣ ምን ቀረ ብለንም መጠየቅ ተገቢ ይሆናል።

ዕቃን ከቤት ድረስ መጥቶ መውሰድ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በአዲስ አበባ መንደሮች ማለዳ ማለዳ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚዞረውን ቆራሌው የማያውቅ የለም። ስሙ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ጥሪ የመጣ እንደሆነ ይነገራል። ልዋጭ የሚለውም እንዲሁ አሮጌውን ተቀብሎ በምትኩ አዲስ የቤት ዕቃ ይሰጣል። የተሰበሰበውም ወደ መርካቶ፣ ወደ ምናለሽ ተራ ይወርድና ብረቱ ምድጃ፣ በርሜሉ ምጣድ ሆኖ ይመለሳል። በውጭው ዓለምም በተለይ በአሜሪካ ሳልቬሽን አርሚን የመሰሉ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች በቀጠሮ መኪና ልከው ፊልሙንም፣ ሙዚቃውንም፣ የቤት ዕቃውንም ከደጃፍ ይወስዳሉ፤ ሸጠውም ገቢውን ለችግረኞች ያውላሉ። ልዩነቱ አንድ ነው። ቆራሌው የሚገዛው ለትርፍ ነው፤ እኛ የምንነጋገረው ስለ ስጦታ ነው።

ስጦታ ከሆነ ደግሞ አንድ ከባድ ጥያቄ ይከተላል። የማንፈልገውን መስጠት ምጽዋት ይባላልን? የአቤልንና የቃየልን መሥዋዕት ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ የኖርን ሰዎች፣ ለሌላው የምናቀርበው የተራረፈውን መሆን እንደማይገባው እናውቃለን። የተቧጨረ ሲዲ፣ ክሩ የተበጠሰ ካሴት፣ የማይነሣ ማጫወቻ በበዓል ወረቀት ተጠቅልሎ ቢላክ፣ ቆሻሻችንን ሌላው ቤት ማራገፍ እንጂ ስጦታ ሊሆን አይችልም። በእኛ እምነት የማንፈልገውን ዕቃ ወደ ስጦታ የሚለውጠው በላዩ የምንጨምረው ድካም ነው። መርጦ፣ ጠርጎ፣ አጫውቶ አይቶ፣ ይዘቱን በላዩ ጽፎ፣ ከሁሉም በላይ ተቀባዩን አስቀድሞ ጠይቆ የሰጠ ሰው ከራሱ ጊዜና ልብ ቆርሶ ሰጥቷል።

ይህን ሐሳብ ስናነሣ ዓይናችን ወደ ጂንካና ወደ ደቡብ ኦሞ ያቀናው ያለ ምክንያት አይደለም። ጂንካ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ በማጎ ብሔራዊ ፓርክ አቅራቢያ በአረንጓዴ ተራሮች ሥር የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ከደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የመቀመጫ ከተሞች አንዷ ሆናለች። በ2010 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረ ዩኒቨርሲቲም አላት። ቅዳሜ በገበያዋ አሪው፣ ማሌው፣ በናው፣ ሙርሲው ከነጋዴውና ከመንግሥት ሠራተኛው ጋር ይገናኛል። ወደ ቆላው ሲወረድም ሐመሩ፣ ጸማዩ፣ ካሮው፣ ኛንጋቶሙና ዳሰነቹ ይገኛሉ።

የእነዚህን ሕዝቦች መልክ የማያውቅ የዓለም ክፍል ያለ አይመስለንም። ከንፈሯን በገል ያስጌጠች የሙርሲ ሴት፣ በኖራ የተነቀሰ የካሮ ጎረምሳ፣ በከብት ጀርባ ላይ የሚሮጥ የሐመር ወጣት በስንት ካሜራ እንደተቀረጸ ቆጥሮ የሚጨርስ የለም። ቱሪስቱ ለአንድ ፎቶግራፍ ጥቂት ብር ከፍሎ ይሄዳል፤ ፎቶግራፉም አብሮት ይሄዳል። ጂን ሊዳልና ኢቮ ሽትሬከር የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በሐመር ምድር ኖረው ያጠኑትን የሚያሳዩ ፊልሞች፣ በተለይም ሊዳል ከጆአና ሄድ ጋር ለእንግሊዙ ቢቢሲ ከ1990 እስከ 1994 ያዘጋጀቻቸው ሦስት ሥራዎች፣ በብዙ አገር ታይተዋል። የደቡብ ኦሞ ሰው እንግዲህ በፊልም ታሪክ ውስጥ ሰፊ ቦታ አለው፤ ግን ባብዛኛው እንደ ታየ እንጂ እንደ ተመልካች አይደለም።

በእኛ አስተያየት የሣጥናችን ነገር ከዚህ ላይ ክብደት ያገኛል። ባለፉት አሠርት ዓመታት በሥራ፣ በጥናት፣ በጉብኝት ወደዚያ አካባቢ የወረዱ ኢትዮጵያውያን ቁጥር ጥቂት አይደለም። መምህሩ፣ የጤና ባለሙያው፣ የግብርና ሠራተኛው፣ ሾፌሩ፣ ካህኑ፣ ወታደሩ ሁሉ በዚያ ኖሯል። በቴፕ የተቀዳ የገበያ ዘፈን፣ በቪዲዮ የተቀረጸ ሠርግ ወይም የከብት ዝላይ ሥነ ሥርዓት፣ ዛሬ በሕይወት የሌለ ሽማግሌ የተናገረው ተረት ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ፣ ርዕስ ባልተጻፈበት ካሴት ውስጥ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ለባለቤቱ የማይፈለግ ክር ነው፤ ለተናጋሪው የልጅ ልጅ ግን የአያቱ ድምፅ ነው።

የማይፈለግ ይመስል የነበረ ነገር ሲፈለግ ማየትም ለአገራችን አዲስ አይደለም። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ባቋቋመው የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት ያወጣቸው ሸክላዎች ካሴት ሲመጣ ከየቤቱ ገለል ተደርገው ነበር። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ እነዚያን የመሰሉ ሥራዎች «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ኅትመት ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሲዲ ማውጣት ሲጀምር፣ ዓለም በመደነቅ ተቀበላቸው። እኛ በቸልታ የተውነውን ሌላው በክብር መልሶ ሸጠልን። በካሴቶቻችን ላይ ይህ እንዳይደገም ጊዜው አጭር ነው። የቴፕ ክር በሙቀትና በእርጥበት ይበላሻልና። የልጅነታችንን ካሴት በእርሳስ አጠንጥነን እናድን ነበር፤ ዝገትና ሻጋታ ከበላው በኋላ ግን እርሳስ አያድነውም።

እርግጥ ነው፣ የችግርን ቅደም ተከተል መዘንጋት አይገባም። በነሐሴ ወር 1998 ዓ.ም. የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በዳሰነች ምድር ከ360 በላይ ሰዎችን በገደለ ጊዜ የሚያስፈልገው ጀልባ፣ እህልና ብርድ ልብስ ነበር። ከዚያም ወዲህ በቅርብ ዓመታት ጎርፍ ብዙ ቤተሰብ ከቀዬው አፈናቅሏል። ለተራበ ሰው ፊልም አይላክም። ነገር ግን የአንድ አካባቢ ሕዝብ ችግር ሲደርስበት ብቻ የምናስታውሰው ከሆነ፣ ወንድምነታችን የአደጋ ጊዜ ወንድምነት ሆኖ ይቀራል። ቤተሰቡን በቆላ ትቶ ለትምህርት ከተማ የገባ የአርብቶ አደር ልጅ እንጀራም፣ ደብተርም፣ በእረፍት ቀኑም የሚያዝናናውና የሚያስተምረው ነገር ያስፈልገዋል።

ታዲያ በተግባር ምን ይደረግ? አስቀድሞ ዕቃውን በሦስት መክፈል ይጠቅማል። አንደኛው ክፍል ስለ አካባቢው የተቀረጸ ድምፅና ምስል ነው። በጂንካ ከተማ ኮረብታ ላይ እ.ኤ.አ. በ1993 የተቋቋመው የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም፣ ዩኒቨርሲቲውም ጭምር፣ እንዲህ ያለውን ለመቀበል ስለሚችሉበት መንገድ መጠየቅ ያለባቸው የመጀመሪያዎቹ ተቋማት ናቸው። ክሩን ከመላክ በፊት ቅጂ ማስቀረት፣ የት፣ መቼ፣ በማን እንደተቀረጸ ማስታወስ የተቻለውን ያህል መጻፍ ያሻል። ቅጂው በፍላሽ ሊሄድ ይችላል፤ ማስታወሻው ከሌለ ግን ቅጂው ዲዳ ነው።

ሁለተኛው ክፍል በሥራ ላይ ያለ መዝናኛና ማስተማሪያ ነው። የሚሠራ ማጫወቻ፣ ንጹሕ የልጆች ፊልም፣ ከጆይስቲኩና ከገመዱ ጋር የተሟላ የጨዋታ መሣሪያ ከዚህ ይመደባል። እዚህ ላይ የወላጅ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በራሳችን ልጅ ፊት ልንከፍተው የምናፍረውን ፊልም፣ መግደልን ጨዋታ ያደረገውን ጌም ለሌላ ሰው ልጅ አንልክም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲንና የአቀናባሪን ድካም ስለሚጠብቅ፣ በስርቆት የተባዛውን ሲዲ በምጽዋት ስም ማሠራጨትም ነውር ነው። የራስ ያልሆነ ነገር አይመጸወትም።

ሦስተኛው ክፍል የተበላሸው ነው። ይህ ወደ ጂንካ አይሄድም። ለቆራሌው ወይም ለጥገና ባለሙያ ተሰጥቶ፣ ከሽያጩ የተገኘችው ጥቂት ብር ለሁለተኛው ክፍል የማጓጓዣ ኪራይ ብትውል ግን አሮጌው ለአዲሱ መንገድ ከፈለ ማለት ነው። ማጓጓዣው የሰጪው ዕዳ መሆን አለበት። ተቀባይ የመናኸሪያ ሒሳብ እንዲከፍል የሚያስገድድ ስጦታ ስጦታነቱ ያጠራጥራል።

ከቤት ለቤት የሚሰበስበውስ ማን ነው? መልሱ ከፊታችን ቆሟል። በየዓመቱ በጥምቀት ሰሞን መንገዱን የሚጠርጉት፣ ታቦታቱ በሚያልፉበት ምንጣፍ የሚያነጥፉትና የሚጠቀልሉት፣ ሰንደቅ የሚሰቅሉት ወጣቶች የሰፈሩን በር ሁሉ ያውቃሉ። ምንጣፉ ተጠቅልሎ ከገባ በኋላ እነዚሁ ወጣቶች ከሰንበት ትምህርት ቤቶችና ከእድሮች ጋር ተመካክረው አንድ ቅዳሜ ቢመድቡ፣ በየደጁ ቢያንኳኩ፣ የተሰጣቸውን መዝግበው ቢቀበሉ ሥራው የሚከብድ አይሆንም። አረጋውያን እናቶችና አባቶች ሣጥን ተሸክመው ከቤት እንዲወጡ አይገደዱም። ወጣቱም የእናቱን እድሜ የሚያህል ካሴት ተቀብሎ፣ «ይህ የማን ድምፅ ነው እማማ?» ብሎ ለመጠየቅ ምክንያት ያገኛል። ከዕቃው ይልቅ ይህ ጥያቄ የበለጠ ዋጋ ሊኖረው ይችላል።

በውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖቻችንም ቃል አለን። በየቤታችሁ መኪና መጥቶ ዕቃችሁን በሚወስድበት አገር የምትኖሩ እንደ መሆናችሁ መስጠት ይቀላችኋል። ነገር ግን ስለ አገራችሁ የተቀረጸውን፣ በተለይም ካሜራችሁን ይዛችሁ ኦሞ ሸለቆን በጎበኛችሁበት ጊዜ የቀረጻችሁትን ለይታችሁ ለማታውቁት መደብር አሳልፋችሁ አትስጡ። ፎቶግራፉ የተነሣበት ሰው አንድም ቀን መልኩን አላየው ይሆናል። መልኩን መልሱለት።

ከሁሉም በላይ ሰጪው ራሱን ከፍ፣ ተቀባዩን ዝቅ አድርጎ እንዳያይ እናሳስባለን። የደቡብ ኦሞ ሕዝቦች የራሳቸው ዘፈን፣ የራሳቸው ጨዋታ፣ የራሳቸው ተራኪ አላቸው። የእኛ ሣጥን ካልተከፈተ ደስታ የሌላቸው ሰዎች አይደሉም። የምንልከው ባዶ ቤት ለመሙላት ሳይሆን፣ ጎረቤት ለጎረቤት በበዓል ቀን ድፎ ዳቦ ቆርሶ እንደሚልከው ነው። ሳህኑ ባዶውን እንደማይመለስ ደግሞ የአገራችን ሰው ሁሉ ያውቃል።

እንግዲህ በዓሉ አልፎ ነጩ ልብስ ታጥቦና ታጥፎ ወደ ሣጥኑ ሲመለስ፣ ሥሩ የተኛውን አንድ ጊዜ እናንሣው። በእጃችን የያዝነው ለማን ሊጠቅም እንደሚችል እንጠይቅ። ክዳኑን ያለዚህ ጥያቄ መልሰን የዘጋነው እንደሆነ፣ ለጥምቀት የወጣው ልብሳችን ብቻ ነበር ማለት ነው።

መልካም የጥምቀት በዓል!