ጎረቤት ሆኖ የመጣ በገና

ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናወጋችሁ ስለምንወዳቸው 4 ድምፆች ነው። መነሻችንም ከየካ ሚካኤል በላይ፣ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ በሚገኘው ቤታችን የተነሣ አንድ ክርክር ነው።

ዐቢይ ጾም በገባ ሰሞን የ13 ዓመት ልጃችን በስልኳ ዜማ ከፍታ ስታዳምጥ አያቷ ሰሙና «በጾም ምን ዘፈን ነው?» ብለው ገሠጿት። ልጅቱም «እማማ፣ ዘፈን አይደለም፤ በገና ነው» ብላ ስልኩን ወደ ጆሯቸው አስጠጋችላቸው። አሮጊቷ እስኪያልቅ ድረስ በዝምታ አዳመጡና «የማን ልጅ ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

የእንጦጦ ልጅ ነው። መምህር ዓለሙ አጋ እ.ኤ.አ. በ1950 በዚሁ በእንጦጦ ተወለዱ። የ12 ዓመት ብላቴና ሳሉ የበገና መምህሩ አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ወደ ሠፈራቸው መጥተው ጎረቤት ሆኑ፤ ብላቴናውም ከእርሳቸው ተማረ። በኋላም በተራቸው በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተማሩ። እንግዲህ የመጀመሪያው ምርጫችን እርሳቸው የሚደረድሩት «አባታችን ሆይ» ነው። በ10ሩ አውታሮችና በበርኩማው መካከል የሚገቡት እንዚራ የተባሉ ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ለበገና ያንን የሚነዝር ወፍራም ድምፅ ይሰጡታል።

ሁለተኛው የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ነው። እኒህ መነኵሲት በ1916 ዓ.ም. ተወልደው በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ዐረፉ። የመጀመሪያው ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመን አገር ታትሟል፤ ከሸክላዎቻቸው የሚገኘውንም ገቢ ለችግረኞች ሕፃናት መርጃ አውለውታል። ፒያኖ የባዕድ መሣሪያ ቢሆንም፣ በእርሳቸው ጣቶች ሥር ግን የአገራችን ዜማ ይሰማበታል።

ሦስተኛው የአስናቀች ወርቁ ክራር ነው፤ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ቅኝቶች ጋር ልጆችን ለማስተዋወቅ ከክራር የቀረበ መሣሪያ የለምና። አራተኛው የሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በኒው ዮርክ ያሳተመው ሸክላ እነዚህ ቅኝቶቻችን ከውጭ አገር መሣሪያዎች ጋር ተስማምተው መኖር እንደሚችሉ አሳይቷል።

ክርክሩ ግን በዚህ አላለቀም። አያቲቱ ክራሩና ጃዙ ከፋሲካ በኋላ ይሁኑ ሲሉ ፈረዱ፤ እኛም ለሁሉ ጊዜ አለውና ተስማማን። በፒያኖው ነገር ግን እስከ ዛሬ ድረስ ሁለት ወገን ነን።

ልጃችን በበኩሏ በገና ልማር አለች። እኛም ስልኩ እያለ ምን አደከማት ብለን ችላ አልነው። ይህ ስሕተታችን ነበር። ስልክ ድምፁን ያሰማል እንጂ የልጅን ጣት ይዞ አውታሩ ላይ አያስቀምጥም። አለቃ ተሰማ ወደዚያ ሠፈር ባይመጡ ኖሮ፣ ወይም ወላጆች «ይህ ለልጅ ምን ይረባዋል» ብለው ብላቴናውን ቢከለክሉት ኖሮ፣ ያን ምሽት በቤታችን የተሰማው በገና ከየት ይመጣ ነበር?

እኛ ገና ስናመነታ አያቲቱ ከመቀነታቸው ገንዘብ ፈትተው «ለመጀመሪያው ወር ይህ ይሁናት» አሉ። እነሆ፣ መምህር ፍለጋ ጀምረናል። እናንተም፣ ውድ አንባቢዎቻችን፣ ከአጥራችሁ ማዶ ያለው ጎረቤታችሁ ምን ዓይነት ዜማ እንደሚያውቅ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁን?