ለአሮጌው ፓትሮል አስቀድሞ ምን ይገዛለት?

ሙቀቱ በረድ ማለት ሲጀምር የአል ዐይን ነዋሪ ፊቱን ወደ አሸዋው ያዞራል። ዐርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በአል ቃጣራ የተምር ማሳዎች አጠገብ ቆሞ መንገዱን ለሚመለከት ሰው፣ ቁመታቸው ከፍ የተደረገ፣ ጎማቸው የገዘፈ አሮጌ ኒሳን ፓትሮሎችና ላንድ ክሩዘሮች በተጎታች ተጭነው ወደ በረሃ ሲያመሩ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። እነዚህን መኪኖች ከሚፈቱትና ከሚገጥሙት እጆች መካከል የአገራችን ልጆች እጅ ይገኝበታል።

በከተማይቱ የጋራዦች ሠፈር የሚሠራ አንድ የወሎ ወጣት ባጠራቀመው ገንዘብ አሮጌ ፓትሮል ገዝቶ ለአማተር ውድድር እያዘጋጀ መሆኑን አጫወተኝ። «እስካሁን ምን ገዛህለት?» አልሁት። «ቱርቦ!» አለኝ ፊቱ በርቶ። «የመከላከያ ብረቱስ? ቀበቶውስ?» ስለው ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሱ ኢንሻ አላህ ለከርሞ» አለ። ይህችን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ «ለከርሞ» ነው።

የወጣቱ ምርጫ መሠረት የለውም አልልም። አሮጌው ፓትሮል ሻንሲው ጠንካራ፣ የፊትና የኋላ አክስሉ ወጥ፣ መለዋወጫው በየሱቁ የሚገኝ መኪና ነው። ባለ 4.8 ሊትሩ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ ወደ 280 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ የባሕረ ሰላጤው ጋራዦች በቱርቦ ከ1,000 በላይ ያደርሱታል። በሊዋ የሚገኘውን፣ ቁመቱ ወደ 300 ሜትር፣ ቁልቁለቱ ወደ 50 ዲግሪ የሚጠጋውን ቴል ሞሪብ የተባለ የአሸዋ ተራራ ለመውጣት ጉልበት የግድ ነው።

ሆኖም ሞተሩ ሲለወጥ ፍሬኑ፣ መሪውና ጣሪያው የቀድሞዎቹ ናቸው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ ሊያቆመው የሚገባው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ሞላው ከፍ ሲደረግ የመኪናው ክብደት አብሮ ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ በአሸዋ ጫፍ ላይ ጥቂት ማዘንበል ለመገልበጥ ይበቃል። በተገለበጠ ጊዜ ደግሞ በሰውየው ራስና በአሸዋው መካከል የሚቀረው ስስ ላሚየራ ብቻ ነው።

ስለዚህ የወጪው ቅደም ተከተል ይገልበጥ እላለሁ። መጀመሪያ የሚገዛው ርካሹ ዕቃ ነው፤ የጎማ ነፋስ መለኪያ። በአስፋልት 35 ፒ.ኤስ.አይ. የሚሞላ ጎማ በአሸዋ ላይ ወደ 15 ሲወርድ መሬት የሚነካው ገጹ ይረዝማል፤ ያለ አንዳች ተጨማሪ የፈረስ ጉልበትም መኪናው ይሄዳል። ቀጥሎ ፍሬኑ ይታደስ፣ ራዲያተሩ ይጠንክር፣ እሳት ማጥፊያ ይገጠም። ከዚያ የመከላከያ ብረቱ ይምጣ። ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ለዋናው ቅስት የሚጠይቀው ስፌት የሌለው፣ ለምሳሌ 45 ሚሊሜትር ዲያሜትርና 2.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የብረት ቱቦ ነው። ከግንባታ ሱቅ የተገዛ የውኃ ቧንቧ ተበይዶ ቀለም ቢቀባ ለዓይን ይመስላል እንጂ ራስን አያድንም። የውድድር ቀበቶም ዕድሜ አለው፤ ፌዴሬሽኑ የሚቀበለው ለአምስት ዓመት ያህል ስለሆነ፣ ያገለገለ ቀበቶ የሚገዛ ሰው የተለጠፈበትን ጽሑፍ ያንብብ። ቱርቦው ከዚህ ሁሉ በኋላ ቢመጣ ማንም አይቀደምበትም።

ሌላም ነገር አለ። ለአሸዋ የተሠራ መኪና ለአስፋልት አልተሠራም። በአቡ ዳቢ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ሕግ ቁጥር 5 ሞተሩ ወይም ሻንሲው ያለ ፈቃድ የተለወጠ መኪና ከተያዘ የሚለቀቀው 10,000 ድርሃም ሲከፈል መሆኑን ደንግጓል። ለተጎታች የሚከፈለው ኪራይ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም። የአማተር ውድድር የሚያሰናዱ ወገኖችም ቢሆኑ ብረቱንና ቀበቶውን ሳይመረምሩ ማንንም ወደ መነሻው መስመር ባያስጠጉ መልካም ነው።

ግመሉን ፈትቶ በአላህ ለመመካት ለፈለገው ሰው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከመመካት በፊት ማሰርን ማስተማራቸው በሁላችንም ዘንድ የታወቀ ነው። ቀበቶና ብረት የዘመናችን የግመል ማሰሪያ ናቸው። ነፍስ አማና ናት፤ የስደተኛ ነፍስ ደግሞ በየወሩ መጨረሻ ስልኩን የምትጠብቅ እናት፣ ትምህርት ቤት የሚከፈልለት ታናሽ ወንድም አለባት።

ያ ወጣት ቱርቦውን እስካሁን አልገጠመውም፤ በካርቶኑ እንዳለ ነው። ሻጩ ቢመልስለት፣ ባይመልስለትም ለሌላ ሰው ሸጦ በዋጋው ቱቦና ቀበቶ ቢገዛ ምክሬ ነው። አሸዋው የትም አይሄድም፤ ለከርሞም ይጠብቀዋል። ለከርሞ የሚተላለፍ ነገር ካለ ቱርቦው ይሁን።