ሪኬልሜ የከሸፈው በእኛ ቴሌቪዥን ላይ ነው

በኤፍኤም ሬዲዮ ስለ ደቡብ አሜሪካ ተጫዋቾች ወሬ በተነሳ ቁጥር የሁዋን ሮማን ሪኬልሜ ስም መምጣቱ አይቀርም። ስሙ ሲጠራ ደግሞ ከንፈር መምጠጥ አለ። «ያ ሁሉ ችሎታ ባክኖ ቀረ» ይላል አቅራቢው፤ ደውሎ የገባው አድማጭም አብሮት ያዝናል። ማስረጃው ሁሌም አንድ ነው፤ ባርሴሎና አልሆነለትም፣ አርሰናል ላይ ፍፁም ቅጣት ምት ሳተ፣ ከዚያ ጓዙን ጠቅልሎ አገሩ ገባ። ሰሞኑን ታክሲ ውስጥ ይህንኑ እየሰማን ረዳቱ «እሱማ ሰነፍ ነበር፣ አይሮጥም» ብሎ ፋይሉን ዘጋው።

እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም። ባከነ የተባለው ሰው የደቡብ አሜሪካ ክለቦችን ትልቁን ዋንጫ፣ ኮፓ ሊበርታዶሬስን፣ ሦስት ጊዜ አንስቷል፤ በ2000፣ በ2001 እና በ2007 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቶኪዮ ላይ ሪያል ማድሪድን አሸንፏል። ቤጂንግ ላይ በ2008 የኦሊምፒክ ወርቅ አጥልቋል፤ የዚያ ቡድን አምበልና 10 ቁጥር እሱ ነበር፣ ሊዮኔል ሜሲ የለበሰው 15 ቁጥርን ነው። ከቦካ ጁኒየርስ ጋር ብቻ 11 ዋንጫ አለው። ይህ ብክነት ከሆነ ለልጆቻችን ሁሉ እንዲህ ያለ ብክነት ይስጥልን።

ታዲያ ለምን ባከነ እንላለን? ስላላየነው ነው። ቦነስ አይረስና አዲስ አበባ የስድስት ሰዓት ልዩነት አላቸው። እነሱ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ጨዋታ ሲጀምሩ እዚህ ከሌሊቱ ዘጠኝ ተኩል ነው። ዲኤስቲቪ ቤቶች ከተዘጉ ቆይተዋል፣ ጋዜጠኛውም ተኝቷል። ጠዋት ውጤቱ እንኳ አይነገርም። ያየነው ሪኬልሜ አውሮፓ ውስጥ የኖረውን ብቻ ነው፤ ከአሥራ ስምንት ዓመት በላይ በቆየ የተጫዋችነት ዘመን ውስጥ አራት ዓመት ተኩል ገደማ ማለት ነው። ከዚያችውም ውስጥ የያዝናት አንዲት ምሽት ናት።

እኔ የአርሰናል ደጋፊ ስለሆንኩ ያቺን ምሽት በደንብ አውቃታለሁ። ኤፕሪል 25 ቀን 2006፣ የሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍፃሜ የመልስ ጨዋታ። ቪያሪያል የሃምሳ ሺህ ሰው ከተማ ክለብ ነው። ሻምፒዮንስ ሊግ ሲገባ የመጀመሪያው ነበር፤ ግን ማንቸስተር ዩናይትድ መጨረሻ የወጣበትን ምድብ በአንደኝነት ጨርሶ፣ ሬንጀርስንና ኢንተር ሚላንን አሰናብቶ ነው እዚያ የደረሰው። ለንደን ላይ ኮሎ ቱሬ ባስቆጠረው 1 ለ 0 አሸንፈናል። ስፔን ላይ 0 ለ 0 እየሄደ፣ ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ዳኛው ፍፁም ቅጣት ምት ሰጠ። ሰፈራችን ዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚ ላይ ተፋፍገን ተቀምጠናል፤ ከኋላ የቆሙት የዩናይትድ ልጆች በአንድ ጊዜ የቪያሪያል ደጋፊ ሆነው እያፏጩ ነው። ሪኬልሜ ፊቱ ላይ ምንም የለም። መታ፣ ጀርመናዊው ግብ ጠባቂያችን ሌማን ያዘ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልነግራችሁም፤ የቤቱ ባለቤት ለተሰበረው አግዳሚ ሲያሳድደን ከርሟል።

ከዚያች ቀን ወዲህ በእኛ ሰፈር ሪኬልሜ ማለት ያቺ ኳስ ናት። ያንን ክለብ እዚያ ድረስ ማን እንዳመጣው የጠየቀ የለም። ከዚያ በፊት በነበረው የ2004/05 የውድድር ዘመን ቪያሪያል ላሊጋውን ሦስተኛ ሆኖ ሲጨርስ፣ ዲዬጎ ፎርላን 25 ግብ አግብቶ ኮከብ ግብ አግቢ ሲሆን ከጀርባ ሆኖ ኳሱን የሚያከፋፍለው ይኸው «ሰነፍ» ሰው ነበር።

ስለ ስንፍናው ካነሳን አንድ ነገር ላሳያችሁ። ሜይ 24 ቀን 2000፣ ቦነስ አይረስ፣ ላ ቦምቦኔራ ስታዲየም። ቦካ ሪቨር ፕሌትን በሊበርታዶሬስ ሩብ ፍፃሜ ገጥሞ 3 ለ 0 ያሸነፈበት ምሽት ነው። ሪኬልሜ የሜዳው መስመር ዳር ጀርባውን ለተከላካዩ ሰጥቶ ቆሟል። ኮሎምቢያዊው ማሪዮ ዬፔስ ከኋላው ተለጥፎበታል፤ መሄጃ ያለው አይመስልም። ሪኬልሜ ኳሷን በጫማው ሶል ወደ ኋላ ጎተት ያደርጋትና በዬፔስ እግሮች መካከል ያሾልካታል፤ ራሱ በሌላው በኩል ዞሮ ይቀበላታል። ዬፔስ ሲዞር ሰውየው የለም። ከዚያ ግብ አልተቆጠረም፤ ሆኖም የቦካ ሰው ስለዚያ ምሽት ሲያወራ ከሦስቱ ግቦች በፊት የሚያነሳው ይህችን ነው። ረዳታችን እንዳለው አይሮጥም ነበር፤ ኳሷ ትሮጥለት ነበር። ሰው ሲከበው እጁን ዘርግቶ፣ ጀርባውን አዙሮ፣ እግሩን ኳሷ ላይ አድርጎ ይቆማል፤ የቡድን ጓደኞቹ እስኪደራጁ ድረስ ማንም አይነጥቀውም።

ወደ አውሮፓ የሄደበትንም ሁኔታ ሬዲዮኖቻችን አይነግሩንም። ሪኬልሜ የአሥራ አንድ ልጆች ታላቅ ነው፤ ያደገው ከቦነስ አይረስ ወጣ ብሎ ባለው ዶን ቶርኳቶ በድሃ ሰፈር ነው። በ2001 ከቦካ አመራር ጋር በደሞዝ ተጋጨና ሪቨር ላይ ግብ ካስቆጠረ በኋላ የክለቡ ፕሬዚዳንት ከተቀመጡበት ቦታ ትይዩ ሄዶ እጆቹን ከጆሮዎቹ ኋላ ዘርግቶ ቆመ። ሲጠየቅ፣ ልጄ ቶፖ ጂጂዮ የተባለውን የአሻንጉሊት አይጥ ስለምትወድ ነው አለ። ያ ፕሬዚዳንት ማውሪሲዮ ማክሪ ይባላል፤ ኋላ የአርጀንቲና ርዕሰ ብሔር ሆኗል። ስሙን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ። በ2002፣ አገሪቱ በኢኮኖሚ ቀውስ ስትናጥ፣ ታናሽ ወንድሙን ሰዎች አፍነው ወሰዱበት፤ ገንዘብ ከፍሎ አስለቀቀው። በዚያው ዓመት ክረምት ባርሴሎና ገባ። አሰልጣኙ ሉዊ ቫን ሃል እሱን ፈልጎ ያስመጣው አልነበረም፤ የዕድሜ ልክ መሀል ሜዳ ሰውን ክንፍ ላይ አሰለፈው። በዓመቱ ሮናልዲኒዮ መጣና ሪኬልሜ በውሰት ወደ ቪያሪያል ተላከ። ይህ ሁሉ «ባርሴሎና አልሆነለትም» በሚል ሁለት ቃል ሲነገር ይገርመኛል።

ከአርሰናሉ ጨዋታ ሁለት ወር ቆይቶ የበርሊኑ መጣ፤ የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍፃሜ፣ አርጀንቲና ከጀርመን። ሪኬልሜ ያሻገረውን የማዕዘን ምት አያላ በጭንቅላቱ አስቆጠረ፣ 1 ለ 0። በ72ኛው ደቂቃ አሰልጣኝ ሆሴ ፔኬርማን ውጤቱን ለማስጠበቅ ሪኬልሜን አስወጥቶ ካምቢያሶን አስገባ። ስምንት ደቂቃ ሳይሞላ ክሎዘ አቻ አደረገ። በፍፁም ቅጣት ምት የካምቢያሶን ኳስ ያዳነው ማን ነው? ያው ሌማን። አርጀንቲናውያን ስለዚያ ቅያሪ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ እኔ ግን እላለሁ፣ ጀርመን ኳሷን ማግኘት የጀመረችው እሱ ወንበር ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው።

ቀጥሎ ከቪያሪያሉ አሰልጣኝ ፔሌግሪኒ ጋር ተጣላ፤ በፌብሩዋሪ 2007 በውሰት ቦካ ተመለሰ። እዚህ ላይ ነው እኛ ታሪኩን ዘግተን የተኛነው። ከውጭ የተመለሰ ዘመድ ስናይ «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ መጠየቅ ስለሚቀናን የተመለሰ ተጫዋችም የወደቀ ይመስለናል። በዚያ ግማሽ ዓመት ሪኬልሜ ቦካን ይዞ ሊበርታዶሬስን አነሳ፤ ስምንት ግብ አስቆጠረ። ፍፃሜው ከብራዚሉ ግሬሚዮ ጋር ነበር፤ በደርሶ መልስ 5 ለ 0 አለቀ። ሦስቱን ያገባው እሱ ነው። አንደኛዋ ቤቱ ላይ በቅጣት ምት፣ ሁለቱ ፖርቶ አሌግሬ ላይ፣ በባላጋራው ሜዳ። አንድ ተጫዋች በአንድ አህጉር ፍፃሜ ላይ እንዲህ ሲያደርግ አውሮፓ ቢሆን ኖሮ ፎቶው በየሚኒባሱ መስታወት ላይ ይለጠፍ ነበር።

መልአክ ነው አልልም። ግትር ነው፤ ያኮርፋል። ከብሔራዊ ቡድን ሁለት ጊዜ ራሱን አግልሏል፤ ሁለተኛው በ2009 ማራዶና አሰልጣኝ ሆኖ ከእሱ ጋር አልስማማ ብሎ ነው። በ1997 ማራዶና የመጨረሻውን ጨዋታ አድርጎ በእረፍት ሲወጣ ተቀይሮ የገባው ራሱ ሪኬልሜ ስለነበር ጸቡ ብዙ ሰው አሳዝኗል። አስተዳዳሪ ሆኖ የሠራውንም ማድነቅ ይከብደኛል። በ2023 መጨረሻ ከ40 ሺህ በላይ የክለቡ አባላት በተሳተፉበት ምርጫ የቦካ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በተፎካካሪው ዝርዝር ውስጥ ለምክትልነት የቀረበውም ያ ማክሪ ነበር። ምርጫውን በሰፊ ልዩነት አሸነፈ፤ ሜዳ ላይ ግን በ2025 የክለቦች ዓለም ዋንጫ ቦካ ተጫዋቾቹ በሌላ ሥራ ከሚተዳደሩት ኦክላንድ ሲቲ ጋር 1 ለ 1 ተለያይቶ ከምድቡ ተሰናበተ። ስለዚህኛው ሪኬልሜ ሬዲዮኖቻችን ቢቆጩ እኔም አብሬ እደውላለሁ።

ተጫዋቹን ግን ተዉልን። በጁን 2023 ላ ቦምቦኔራ ላይ በተደረገለት የስንብት ጨዋታ ሜሲ ድረስ መጥቶ አብሮት ተጫውቷል፤ ሁለቱም የተወለዱት ጁን 24 ነው፣ የዘጠኝ ዓመት ልዩነት አላቸው። ማንም ለባከነ ሰው እንዲህ አያደርግም።

ለስፖርት ጋዜጠኞቻችን አንድ ጥያቄ አለኝ። በ2018 ቦካና ሪቨር የሊበርታዶሬስን ፍፃሜ ሲጫወቱ አገራችን ውስጥ ብዙ ሰው ተከታትሎታል፤ በረብሻ ምክንያት የመልሱ ጨዋታ ወደ ማድሪድ ስለተዛወረ ብቻ ነው። አሁን ግን ሰበብ የለም። ከ2019 ወዲህ የሊበርታዶሬስ ፍፃሜ አንድ ጨዋታ ሆኗል፤ የሚካሄደው ቅዳሜ ነው፣ በእኛ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ገደማ ይጀምራል። በዚያን ሰዓት የፕሪምየር ሊጉ የቅዳሜ ጨዋታዎች አልቀዋል። አስተላልፉልን፣ ማስተላለፍ ካልቻላችሁም ቢያንስ ማግስቱን አውሩልን።