ጋማን በኮምፒውተር ማስላት፦ ትክክለኛ ቀመር ብቻውን አይበቃም

ፋክቶሪያልን ከሙሉ ቁጥሮች ባሻገር የሚያሰፋው ጋማ ፈንክሽን የስታቲስቲክስ ምሰሶ ነው፤ የቤታ፣ የቲ እና የካይ ስኩዌር ሥርጭቶች ቀመሮች በእርሱ ይጻፋሉ። የፓይተን መደበኛ የሒሳብ ላይብረሪ ለዚሁ «ጋማ» እና «ኤልጋማ» የተባሉ ሁለት ፈንክሽኖችን ያቀርባል፤ የመጀመሪያው ዋጋውን ራሱን፣ ሁለተኛው የፍጹም ዋጋውን የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ይሰጣል። በሁለቱ መካከል የሚደረገው ምርጫ እንደ ተራ የኮድ ጉዳይ መታየቱ ግን ስህተት ነው፤ የጥናት ዘዴው አካል ነውና።

ባለ 64 ቢት ቁጥር ሊይዝ የሚችለው ከፍተኛ ዋጋ 1.8 × 10³⁰⁸ ገደማ ነው። የ171 ጋማ፣ ማለትም የ170 ፋክቶሪያል፣ 7.26 × 10³⁰⁶ ስለሆነ ይያዛል፤ የ172 ጋማ ግን ጣሪያውን ያልፋል፣ ፓይተንም ስህተቱን አሳውቆ ስሌቱን ያቆማል። ከ200 ናሙናዎች 100ውን ለመምረጥ ያሉት መንገዶች 9.05 × 10⁵⁸ ብቻ ናቸው። መልሱ ከጣሪያው እጅግ በታች ሳለ፣ በጋማ ጥምርታ ሊያሰላው የሞከረ ተመራማሪ መንገድ ላይ ይቀራል። በሎጋሪዝም ሲሠራ ግን ከ863.23 ላይ 727.48 ተቀንሶ 135.75 ይገኛል፤ መልሱም ከዚህ ይመለሳል።

ይሁን እንጂ «ሁልጊዜ ሎጋሪዝሙ ይሻላል» የሚለው የተለመደ ምክር ግማሽ እውነት ነው። በመጀመሪያ፣ «ኤልጋማ» ምልክትን ይጥላል፤ የ−0.5 ጋማ −3.545 ሲሆን ከሎጋሪዝሙ የሚመለሰው +3.545 ነው። ሁለተኛው ችግር ይብሳል። ቁጥሩ አንድ ቢሊዮን ሲደርስ ሎጋሪዝሙ ወደ 19.7 ቢሊዮን ያድጋል፤ በዚያ ከፍታ ላይ ተከታታይ ባለ 64 ቢት ቁጥሮች በ0.000004 ገደማ ይራራቃሉ። እንዲህ ያሉ ሁለት ዋጋዎች ተቀናንሰው ልዩነቱ ከሎጋሪዝም ሲመለስ፣ ከ15 አስተማማኝ አኃዞች አምስት ያህሉ ብቻ ይተርፋሉ። የመጀመሪያው ስህተት ይጮኻል፤ ይህኛው ዝም ይላል። ለመመረቂያ ጽሑፍ አደገኛው ዝምተኛው ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። የጥናት ዘዴው ክፍል የትኛው ፈንክሽን፣ በየትኛው የቋንቋ እትም፣ በምን ያህል የቁጥር ክልል እንደተሠራበት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይግለጽ። ውጤቱም በሚታወቅ ዋጋ ይፈተሽ፦ የ0.5 ጋማ የፓይ ካሬ ሥር ነው፤ ለሙሉ ቁጥሮችም ፓይተን ከ3.8 እትም ጀምሮ የምርጫ መንገዶችን ያለ ማጠጋጋት የሚቆጥር ፈንክሽን አለው። አማካሪዎችም ቀመሩን በሚመረምሩበት ጥንቃቄ ስሌቱን ሊጠይቁ ይገባል። በወረቀት ላይ የተረጋገጠ ቀመር በኮምፒውተር ላይ እንደገና መረጋገጥ አለበት።