ዋጋው ሦስት ዓመት፣ ዕድሜው ሠላሳ

እ.ኤ.አ. በ1992 ቦብ ክላርክ የተባለ አሜሪካዊ አርቢ አልቢኖ ቦል ፓይተኖችን አስፈለፈለ። ከዚያ በፊት ነጭና ቢጫ ሆነው የተወለዱ ጥቂት እባቦች ከአፍሪካ በአጋጣሚ ይመጡ ነበር፤ ክላርክ ግን መልኩ ከወላጅ ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ አረጋገጠ። ያኔ አንድ አልቢኖ በሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጥ ነበር። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ያው አልቢኖ መቶ ዶላር አካባቢ ይገኛል። በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለፈው ጊዜ ሠላሳ ዓመት ግድም ነው፤ አንዲት ቦል ፓይተን በደህና ከተያዘች ያን ያህል ትኖራለች።

ዘንዶ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን በአገራችን ቆላ የሚኖረው፣ ሚዳቋ የሚውጠው ግዙፍ ፓይተን ነው። ቦል ፓይተን የእሱ ትንሽ ዘመድ ናት። ከሴኔጋል እስከ ኡጋንዳ ባለው ምድር ትኖራለች፤ ርዝመቷ ከአንድ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተኩል ነው፤ መርዝ የላትም፤ ስትደነግጥ ራሷን መሃል ሸሽጋ ትጠቀለላለች። በአሜሪካ የሴንት ሉዊስ መካነ አራዊት አንድ ግለሰብ እ.ኤ.አ. በ1961 የሰጣት ቦል ፓይተን ነበረች። በ2020 ከስልሳ ዓመት በላይ ሆኗት ሰባት እንቁላል ጣለች፤ ቢያንስ ለ15 ዓመት ወንድ አጠገቧ አልደረሰም ነበር። ጋዜጦች ያለ ወንድ መውለዷን አወሩ። እኔን ግን ይበልጥ የሚገርመኝ ዕድሜዋ ነው።

በቤቱ ጓዳ ፓይተን የሚያረባ ሰው ገንዘብ የሚያገኘው ከመልክ ብርቅነት ነው፤ ያን ብርቅነት ደግሞ የተሳካ ፍልፈላ ሁሉ ይሸረሽረዋል። ዋጋ በሦስትና በአራት ዓመት ሲወድቅ እባቧ ገና ወጣት ናት። ስለዚህ ይህን ሥራ እንደ ኢንቨስትመንት የሚያይ ሰው ኪሳራውን የሚያሸክመው ለእንስሳቱ ነው ባይ ነኝ። አነስተኛ አርቢን ልደግፈው የምችለው በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው፤ አንድም ግልገል ባይሸጥለት ሁሉንም ማኖር የሚችል ከሆነ።

ሥራው ራሱ ቀላል ይመስላል፤ ብዙዎችን የሚያታልለውም ይህ ነው። ወንዱ በአንድ ዓመት ዕድሜው ለመራባት ይደርሳል። ሴቷ ግን ሦስት ዓመት ያህል ያስፈልጋታል፤ ጥንቃቄ ያለው አርቢም ክብደቷ 1500 ግራም ሳይሞላ ከወንድ ጋር አያገናኛትም። በአንድ ጊዜ በአማካይ ስድስት ያህል እንቁላል ትጥላለች፤ ከዚያ ትጠመጠምባቸዋለች። አርቢው ከእቅፏ ቀስ ብሎ ያወጣቸውና እርጥብ ማዕድን (ቨርሚኩላይት ወይም ፐርላይት) ባለበት ሣጥን ውስጥ ከ31 እስከ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ላይ ያቆያቸዋል። የዶሮ እንቁላል ይገላበጣል፤ የእባብ እንቁላል ግን ከተገላበጠ ፅንሱ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ አርቢዎች ከማንሳታቸው በፊት ላይኛውን ጎን በእርሳስ ምልክት ያደርጉበታል። ከ55 እስከ 60 ቀን ሲሆን ግልገሉ በአፉ ጫፍ ባለች ትንሽ ጥርስ ቅርፊቱን ይቀድና ጭንቅላቱን ያወጣል፤ ከዚያ አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ እዚያው ተቀምጦ አስኳሉን ይጨርሳል።

እዚህ ላይ የገበያው ጠባይ ይታያል። ብዙ አርቢዎች ግልገሉ በራሱ እስኪወጣ አይጠብቁም፤ ቅርፊቱን በመቀስ ቆርጠው ያያሉ። ለታፈነ ግልገል መውጫ እንከፍታለን ይላሉ፤ ይህ አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው። በአብዛኛው ግን የሚያስቸኩላቸው ቀለሙን የማየት ጉጉት ነው።

ቀለሙ ለምን እንዲህ እንደሚያጓጓ ሒሳቡ ያስረዳል። የአልቢኖ ጂን ከሁለቱም ወላጆች ካልተወረሰ አይገለጥም። አልቢኖ ወንድ ከተራ ሴት ጋር ቢገናኝ ልጆቹ በሙሉ ተራ መልክ ይኖራቸዋል፤ ጂኑን ግን ተሸክመዋል፤ አርቢዎች “ሄት” ይሏቸዋል። ሁለት ሄቶች ሲገናኙ ከአራት ልጅ አንዱ አልቢኖ ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል። ትልቁ ገንዘብ ግን ሁለት እንዲህ ያሉ መልኮች በአንድ አካል ሲገጣጠሙ ነበር፤ ሁለቱንም ጂን የተሸከሙ ወላጆች ሲገናኙ ይህ ዕድል ከ16 አንድ ነው። በስድስት እንቁላል ይህን የሚሞክር ሰው አንድም ሳያገኝ የመቅረቱ ዕድል ከሦስት ሁለት ያህል ነው። ባይቀናውም ስድስት ግልገሎች አሉት፤ ቢቀናውም ሌሎቹ አምስቱ አብረው ይወለዳሉ።

ጊዜውንም አስቡት። ዛሬ ግልገል ወንድ የገዛ ሰው ሴት ልጆቹን አሳድጎ የሚፈልገውን መልክ እስኪያይ አምስት ዓመት ያህል ይፈጅበታል። በዚያን ጊዜ ያው ሐሳብ የመጣላቸው ሁሉ አብረውት ይደርሳሉ። የመቂና የዝዋይ ሽንኩርት አምራች ይህን ታሪክ ያውቀዋል፤ ዘንድሮ ዋጋ ወጣ ብሎ ሁሉም ይተክላል፤ ምርቱ አንድ ላይ ሲደርስ ዋጋው ይወድቃል። ያልተሸጠ ሽንኩርት ግን ይበሰብሳል፤ ያልተሸጠ ፓይተን አይጥ ይጠይቃል።

ይህን ሒሳብ ለብዙ ጊዜ የደበቀው ራክ የሚሉት መደርደሪያ ይመስለኛል። ዝቅተኛ የፕላስቲክ ሣጥኖች እንደ መሳቢያ ይደረደሩበታል፤ ከኋላ የሙቀት ገመድ ያልፋል፤ እያንዳንዱ ሣጥን አንድ እባብ ይይዛል። ንጽሕናውና ሙቀቱ ለመቆጣጠር ይመቻል፤ ጠባብ መሸሸጊያ የምትወድ እባብም በውስጡ ትበላለች፣ እንቁላል ትጥላለች። ይህን አልክድም። ነገር ግን በአንድ ካሬ ሜትር ወለል ላይ በርካታ እባብ ማኖር ሲቻል “ቦታ የለኝም” የሚለው ተፈጥሯዊ ልጓም ይጠፋል። ሳሎን ውስጥ ሰፊ መስታወት ቤት የሠራ ሰው ሦስተኛውን እባብ ሲያስብ ያመነታል፤ ራክ ያለው ሰው ሠላሳኛውንም አይቆጥረውም።

የገበያው ግፊት እስከ ምን ሊደርስ እንደሚችል “ስፓይደር” የተባለው መልክ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተረባ፤ ሰውነቱ ላይ የሸረሪት ድር የመሰሉ ቀጫጭን መስመሮች አሉት፤ ያምራል። ግን ይህን ጂን የወረሱ እባቦች ራሳቸውን ያወዛውዛሉ፤ አንዳንዶቹ ተገልብጠው ይቀራሉ፤ አይጡን አነጣጥረው ይስቱታል። አርቢዎች ይህን ቶሎ አይተዋል። መልሳቸው ለዓመታት “ይበላል፣ ይራባል፣ ምን ጎደለው?” የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የጀርመን ተመራማሪዎች ጥናት በራጅ ሲመረምር የእነዚህ እባቦች የውስጥ ጆሮ ቅርጽ የተዛባ ሆኖ አገኘው። ሚዛን የሚጠበቅበት አካል ነው የተበላሸው። መብላትና መራባት የደህንነት ማረጋገጫ ከሆነ የስንት እንስሳ ስቃይ ደህንነት ሊባል ነው?

ለአርቢዎቹ ደግሞ የሚገባቸውን እንስጥ። እባቦች ሁሉ የወፍ ዓይነት የፆታ ክሮሞዞም አላቸው ተብሎ ሲታመን፣ “ባናና” የሚሉትን መልክ የሚያረቡ ሰዎች አንዳንድ አባቶች ቀለሙን ለወንድ ልጆቻቸው፣ ሌሎቹ ለሴቶቹ እንደሚያደሉ ታዝበው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ሳይንቲስቶች ፓይተኖች እንደ ሰው ኤክስና ዋይ ክሮሞዞም እንዳላቸው አሳተሙ፤ ትዝብቱም ማብራሪያ አገኘ። በአሜሪካ የኢስተርን ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን የአልቢኖን ጂን የለዩት እባቦች ገፈው የጣሉትን፣ ባለቤቶች በፖስታ የላኩላቸውን ቆዳ መርምረው ነው። መዝገብ ይዞ ዘር የሚከታተል ሰው ቤቱ ትንሽ ቢሆንም ለእውቀት ይጠቅማል።

ሌላው የአርቢዎች መከራከሪያ “እኛ ካላረባን ከዱር ይታፈሳል” የሚል ነው። ከፊሉ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1975 ወዲህ ከምዕራብ አፍሪካ፣ በተለይ ከቶጎ፣ ከቤኒንና ከጋና፣ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ቦል ፓይተን በሕይወት ወደ ውጭ ተልኳል። ብዙዎቹ ያረገዙ ሴቶች ከጉድጓድ ተይዘው እንቁላላቸውን ከጣሉ በኋላ የተፈለፈሉ ናቸው። ነገር ግን ያው ንግድ አዲስ መልክ ያለው እባብ ከዱር እንዲፈለግ ያደረገም ነው፤ የብዙዎቹ የቀለም ዘሮች መነሻ ከአፍሪካ የመጣ አንድ ለየት ያለ እባብ ነው። በዚያው ምድር ደግሞ ለእባቧ ሌላ ዋጋ የሚሰጥ ሕዝብ አለ። በቤኒን ዊዳ ከተማ የፓይተን ቤተ መቅደስ አላት፤ ናይጄሪያዊው ደራሲ ቺኑዋ አቼቤ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው “አሮው ኦፍ ጎድ” ልብ ወለድ ውስጥም አንድ የኢግቦ ልጅ ቅዱሷን ፓይተን ሣጥን ውስጥ ቢቆልፍባት መንደሩ ይታወካል። የሃይማኖቱን ነገር ትተን፣ እባቧን ሣጥን ውስጥ መዝጋት ምክንያት የሚጠየቅበት ድርጊት መሆኑ ትክክል ይመስለኛል።

የአሜሪካ ሕግ የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው። በፍሎሪዳው የኤቨርግሌድስ ረግረግ የተንሰራፋው የበርማ ፓይተን ያስደነገጠው መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2015 ትላልቅ እባቦችን ጎጂ ዝርያ ብሎ ከውጭ እንዳይገቡ ከለከለ። ቦል ፓይተን ትንሽ ስለሆነች ዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ሕጉ የሚፈራው ማምለጥን ነው፤ የተረፈውን ግልገል ማን ያሳድገው የሚለውን አያነሳም።

እኔ ቁጥሩን ከዚያ እጀምራለሁ። ሦስት ሴት ያለው ሰው በዓመት 18 ያህል ግልገል ይጠብቃል። ለየብቻ ይኖራሉ፤ በየሳምንቱ ይመገባሉ፤ ጥቂቶቹ ለሳምንታት አልበላም ብለው ያስጨንቃሉ። ገዢ ከጠፋ በሁለተኛው ዓመት 36 ይሆናሉ። ይህን ወጪና ይህን የጽዳት ሥራ በወረቀት ላይ አስልቶ እችለዋለሁ ያለ ሰው ያርባ። ያልቻለ አንዲት ሴት ይያዝ፤ ካለፈው ዓመት ያልተሸጡ ግልገሎች ካሉትም በዚያ ዓመት ወንዱን ለብቻው ይተወው። በዱር የምትኖር ቦል ፓይተንም በየዓመቱ እንቁላል አትጥልም፤ ሰውነቷ እስኪያገግም ሁለትና ሦስት ዓመት የምትቆይበት ጊዜ አለ።